ሦስት ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ጀነሬተርና የሂርማታው ጥገና ቤት

ፈረንጅ አራዳ ያለችው ፀጉር ቤቴ ሁለት ወንበር ብቻ ናት። ክረምት ሲገባ ጅማ ላይ ዝናቡ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል፤ ለዚህ ብዬ አንዲት ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር ገዝቻለሁ። ሁለት ማሽን፣ አንድ አምፖልና ቴፕ ትችላለች። ከዚያ በላይ አልጠይቃትም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የአንድ ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላት እንደተላጨ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሯን አስነሳሁ። ሦስት ደቂቃ ያህል ሠራች፣ ድምጿ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አለና ቆመች። ገመዱን ደግሜ ሳብኩ። ቾክ (ስትነሳ አየር የሚቀንስላት ማንሻ) ላይ ስትሆን ትነሳለች፣ ቾኩን ስመልሰው እልም። ሰውዬው ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ሂሳብ የጠየቀም የከፈለም የለም።

መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ ስሙ ይቅር። አንድ ቡሎን እንኳ ሳይፈቱ «ካርቡራቶሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አሉኝ፤ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ክፍል ማለታቸው ነው። ዋጋውን ስሰማ አንስቼ ባጃጅ ላይ ጫንኳት።

ይሄ የምጽፍለት ቤት ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ነው፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ታፔላ የለውም። የቆርቆሮ በር ፊት የተደረደሩ የውሃ ፓምፖች ካያችሁ ደርሳችኋል። ባለቤቱ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው። «አካም ጅርቱ» ብዬ ገባሁ።

ካቻቢቴ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ። «ቾክ ላይ ትሠራለች?» ትሠራለች። «ስትመልሰውስ?» ትጠፋለች። «ቤንዚኑ መቼ የገባ ነው?» እዚህ ላይ አፈርኩ። ከፋሲካ ጀምሮ ታንከሯ ውስጥ የተኛ ነው። ያውም የማደያ ሰልፍ ሰልችቶኝ ከመንገድ በሃይላንድ የገዛሁት።

«ወጥ ቢሆን ትበላዋለህ?» አሉኝ።

የሞተር ዘይቱን አዩ፤ ዘይት ሲያንስ ራሷን የምታጠፋ ዓይነት ስለሆነች ነው። ደህና ነው። ቀጥለው የታንከሩን ክዳን ላላ አድርገው አስነሷት። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እሷ በአቧራ ከተደፈነች ቤንዚኑ ጥቂት ከወረደ በኋላ አልፈስም ይላል፣ ክዳኑ ሲላላ ግን መልሶ ይሠራል። የኔዋ እንዲህም ሆና ጠፋች። ስለዚህ ክዳኑ ነጻ ወጣ።

ከዚያ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ነቅለው፣ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከትተው የቤንዚኑን መክፈቻ ከፈቱ። እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ሊወርድ የሚገባው ጠብ፣ ጠብ አለ፣ እንደ ዓይን መድኃኒት። መክፈቻውን ፈትተው ወንፊቱን አሳዩኝ፤ ዝገትና ዝልግልግ ነገር ይዞታል። ጠርሙሱን ደግሞ ወደ ብርሃን አነሱት። ቤንዚኑ ከላይ፣ ውሃው ከታች ተለያይተው ቁጭ ብለዋል። መንገድ ላይ የገዛሁት ቤንዚን ያን ያህል ውሃ እንደነበረው ያኔ ነው ያየሁት።

ካርቡራቶሩም ሲከፈት እንዲሁ። ቤንዚን ሲቆይ ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሿን የነሐስ ቁራጭ በጣታቸው ይዘው አምፖሉ ላይ አነጣጠሩልኝ። መሃሏ ላይ ቀዳዳ መታየት ነበረበት። የለም። ከመብራት ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዘዙና ቀስ ብለው አሳለፉባት። መርፌ ለምን እንደማይጠቀሙ ስጠይቅ «ብረት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ቤንዚን ስትጠጣብህ ትኖራለህ» አሉ። ታንከሩን አጠቡ፣ የደረቀውን ቱቦ ቀየሩ፣ አዲስ ቤንዚን ጨመሩ። በሁለተኛው ሳብ ተነሳች። ቾኩን መለሱት፤ ድምጿ ንቅንቅ አላለም።

ለእጅ 700 ብር፣ ለቱቦና ለፊልትሮ 150። ለእኔ ርካሽ ነው።

ሁሉም ነገር ደግሞ ሸጋ አይደለም። ደረሰኝ የላቸውም። ስልክ አያነሱም። በአንድ ሰዓት ያልቃል የተባለው ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ እኔም አጠገቡ ካሉት ቡና ጠጪዎች መሃል ተቀምጬ ሦስት ስኒ ጨረስኩ። የከፋው ግን ሌላ ነው። የተቀዳው ቤንዚን ክፍት ተቀምጦ ሳለ ጥግ ላይ ያለው ልጅ ግራይንደር አስነስቶ ፍንጣሪ ይበትናል። ነገርኳቸው። ልጁን ተቆጥተው ጠርሙሱን ወደ ውጭ አወጡት፤ ነገም ይደግሙት ይሆን፣ እንጃ።

ስወጣ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። ለብዙ ቀን የማልፈልጋት ከሆነ መክፈቻውን ዘግቼ፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን ጨርሳ ራሷ እስክትጠፋ እንድተዋት። እንደዚያ እያደረግሁ ነው። በዚህ ሐምሌ መብራት በጠፋ ቁጥር ተነስታለች።

ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ። አርብ ደግሞ ለሶላት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይዘጋሉ፤ እኔ ሳላውቅ ሄጄ የቆርቆሮው በር ሥር ዝናብ መትቶኛል።