እግሬን ጭናቸው ላይ ላሳረፉት ሲስተር

ይሄን ምስጋና በልቤ ስጽፈው ከርሜያለሁ። ዛሬ ጠዋት የቀኝ እግሬን አውራ ጣት ጥፍር ቆረጥኩ። አልተፈረፈረም። ቢጫ የለበትም። ቀጭ ብሎ ተቆረጠ፣ በቃ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ነውር ነው።

የጥፍር ፈንገስ ያልያዘው ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። እኔን 6 ዓመት ይዞኛል። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጣ አለ። ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ ወፈረ፣ ከሥጋው እየተላቀቀ መጣ። ከዚያ ወደ አጠገቡ ጣቶች ተሻገረ። የተዘጋ ጫማ ያመኛል። ክፍት ጫማ ደግሞ አፍሬ አላደርግም።

ከሁሉ የሚብሰኝ ቤተክርስቲያን ነበር። ጫማ ማውለቅ ግድ ነው። ክረምት ከበጋ በካልሲ ነው የምገባው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ውኃው አልቀረብኩም። ይሄን ለባለቤቴ እንኳን ነግሬው አላውቅም።

ያልሞከርኩት የለም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ አስሬበት አድሬያለሁ። ሎሚ፣ አቼቶ፣ የተባለውን ሁሉ። አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ልጅቷ ሞርዳ ሞርዳ አደማችኝና ቀይ ቀለም ቀብታ «አሁን አይታይም» ብላ ሸኘችኝ። ፋርማሲ በሄድኩ ቁጥር አዲስ ቅባት ነው። አንድ ክሊኒክ ሐኪሙ ጫማዬን እንኳን ሳያስወልቀኝ ክኒን ጻፈልኝ። «እስከ መቼ ነው የምውጠው?» ስለው «እስኪሻልሽ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ውጬ ለውጥ ሳጣ ተውኩት። ሌላ ቦታ ደግሞ ጥፍሩን ነቀሉት። ማደንዘዣው ሲለቀኝ ያየሁትን ስቃይ እኔ ነኝ የማውቀው። ወራት ቆጥሬ ስጠብቅ ያው ወፍራም፣ ያው ቢጫ ጥፍር ተመልሶ መጣ። ያወጣሁት ብር ያቃጥለኛል። ከብሩ በላይ ግን እዚያ የነበረችው ሠራተኛ እግሬን አይታ አፍንጫዋን ይዛ ጓደኛዋን የጠቀሰቻት አይረሳኝም። እንዳላየ ሆንኩ። አይቻለሁ።

አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ሂጂ ያለችኝ ጎረቤቴ ናት። ለእናቴ ስነግራት ክው አለች። «ዘነበወርቅ? ምን አገኘሽ ልጄ?» በእሷ ዘመን ዘነበወርቅ ማለት ሥጋ ደዌ ማለት ነው። ሰው ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እኔም አልዋሽም፣ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የሄድኩት። ስደርስ ወረፋው ላይ ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ፣ ከረባት ያሰረ ሰው አለ። ቆዳው ያስቸገረው ሁሉ እዚያ ነው።

ሐኪሟ ሁለቱንም ካልሲ አስወለቀችኝ። በጣቶቼ መሃል አየች፣ የእጄንም ጥፍር አየች። «ጥፍር የሚያበላሽ ሁሉ ፈንገስ አይደለም፣ መጀመሪያ እንመርምረው» ብላ ናሙና እንድሰጥ ላከችኝ። ሲስተሯን ያገኘኋቸው ያኔ ነው።

በዕድሜ እናቴን ሊያህሉ ትንሽ ነው የቀራቸው። ካልሲዬን ሳወልቅ «ይቅርታ ሲስተር፣ ይሸት ይሆናል» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። በርጩማ ስበው ከፊቴ ቁጭ አሉ። ጭናቸው ላይ ፎጣ ዘረጉ። ተረከዜን በመዳፋቸው ደግፈው አነሱና ፎጣው ላይ አሳረፉት። ጓንት አድርገዋል፣ ግን የእጃቸው ሙቀት ይሰማኛል። 6 ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ አድርጎ እግሬን ይዞት አያውቅም።

«እኔ እዚህ ቤት እግር ሳጥብ ነው ያረጀሁት» አሉኝ። «በሥጋ ደዌ እግሩ የደነዘዘ ሰው ሚስማር ቢወጋው አያውቅም። አይተን የምንነግረው እኛ ነን። ያንቺ ያምሻል አይደል? ተመስገን በይ።»

ከዚያ በትንሽ ምላጭ ከጥፍሩ ሥር ፋቅ ፋቅ አድርገው ፍቅፋቂውን ወረቀት ላይ አራገፉ። ቅንጣት አላመመኝም። ውጤቱ ላይ የተጻፈው አልገባኝም፤ ብቻ ፈንገስ መሆኑ ተረጋገጠ። ጉበቴ ደህና መሆኑን በደም ምርመራ አይተው በቀን አንድ፣ ለ3 ወር የሚዋጥ ክኒን አዘዙልኝ።

ስወጣ ሲስተር ጠሩኝ። «ክኒኑ 3 ወር ነው፣ ጥፍሩ ግን ያንቺን ችኮላ አያውቅም» አሉኝ። የእግር ጥፍር በወር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው የሚያድገው። የአውራ ጣቱ ተለውጦ እስኪያልቅ ዓመት፣ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። የታመመው ጥፍር ራሱ አይድንም፤ ጤነኛው ከሥር እየገፋ ያወጣዋል እንጂ። ይሄን ብለው በምላጯ ጫፍ ጤነኛውና የታመመው የሚገናኙበት ላይ ቀጭን መስመር አሰመሩልኝ። «ይቺን ተመልከቺ። ወደ ፊት ከሄደች እየዳንሽ ነው።»

ይሄን ያህል ነገር የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው 6 ዓመት የተንገላታሁት። ያንን ሁለት ሳምንት ውጬ የጣልኩትን ክኒን አሰብኩና ቆሽቴ አረረ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ መስመሯን አያለሁ። በመጀመሪያው ወር የሄደች አልመሰለኝም። በሁለተኛው ከሥሯ እንደ ሕፃን ጥፍር ጥርት ያለ ነገር ብቅ አለ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። እሱንም ቢሆን ሲስተር ናቸው ያሳከሙት። «ቤት ውስጥ በጣቶቹ መሃል የሚያሳክከው ሰው አለ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ለዓመታት ሲያከው «የጫማ ነው» ይለኝ ነበር። አሁን ነጠላ ጫማችን ተለያይቷል፣ ጥፍር መቁረጫችንም።

ዘንድሮ በጸሎተ ሐሙስ እግሬን ታጠብኩ።

ስማቸውን ልጻፍ ብዬ ሳስፈቅዳቸው «የኔን ተይው፣ ሰው እንዲመጣ ንገሪ» አሉኝ። እየነገርኩ ነው። እባካችሁ ሂዱ። እያፈራችሁ ቤት አትቀመጡ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ አንድ ቀን አትቆዩ። ወረፋ ስላለ በጠዋት ድረሱ። የጥፍር ቀለም ካለባችሁ አስለቅቃችሁ ሂዱ፣ ቅባት እየተቀባችሁ ከሆነም ንገሯቸው፤ ምርመራውን ያሳስታል ብለውኛል። ክኒኑን በራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ፣ እኔን ደሜን ሳያዩ አልሰጡኝም።

ሲስተር፣ ይሄን ካነበቡት እጅዎ ይባረክ። የልጅ ልጅ ያሳይዎት። በሚቀጥለው ሳምንት እናቴን ይዣት እመጣለሁ። ተረከዟ ተሰነጣጥቆ መርገጥ አቅቷታል፤ ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ልውሰድሽ ስላት «ዘነበወርቅ ካልሆነ አልሄድም» ብላለች።