ከሐዋሳ ሰንቀሌ፦ ለቆርኬ ሲባል አቧራ መጠጣት

ቅዳሜ ንጋት ላይ ከሐዋሳ አስጎብኚ ይዘን ቆርኬ የተባለው የዱር እንስሳ ወደሚጠበቅበት ወደ ሰንቀሌ መጠለያ ሄድን። ሰውዬው ግማሽ ሰዓት አስጠበቀን። የሚኒባሱ መስኮት አይዘጋም፤ አቧራውን ጠጣነው።

ሥራውን ግን ያውቃል። እዚህ ያለው የስዌይን ቆርኬ የሚባለው ዝርያ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ሣሩን ከብት ከጋጠው ቆርኬው ምን ይበላል? ስለዚህ በጠመንጃ ከመጠበቅ ይልቅ ከጎረቤት ገበሬ ጋር መስማማቱ ይበልጣል አለን። ኬንያ ውስጥ ሴራ በሚባል ቦታ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥቁር አውራሪስ የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ራሱ እንደሆነም አጫወተን። የኛዎቹ አውራሪሶች ድሮ ቀሩ። እዚህ ላይ ዝም አልን።

ከዚያ ቀይ ቡናማ መንጋ ከሣሩ ብቅ አለ። ንዴቴ ጠፋ!

የርቀት መነጽር ከቤት ያዙ፤ የአስጎብኚው መነጽር አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል። ምሳም ቋጥሩ፤ እኛ ሻይ እንኳን አላገኘንም።