ግማሽ ማህተም በሙሉ ዋጋ እየሸጡ ነው፣ ተጠንቀቁ

የድሮ ቴምብር የምትገዙ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ።

በቴሌግራም የሚሸጡ የድሮ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በዝተዋል። ብዙ ሻጭ ዋጋ የሚቆልለው በቴምብሩ ሳይሆን በላዩ ባረፈው የፖስታ ማህተም ነው። የአዲስ አበባ ማህተም እንደ ልብ ይገኛል። ከትንሽ ከተማ የወጣ ግን ይፈለጋል። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ ቴምብሩ ላይ የሚያርፈው የማህተሙ ቁራጭ ብቻ ነው። የቀረው ፖስታው ላይ ይቀራል፤ ፖስታው ደግሞ ተቀዶ ተጥሏል። የጎደለውን ሻጩ በፈለገው ከተማ ይሞላዋል።

አንድ ጓደኛዬ በዚህ መንገድ ተበልቷል። ቴምብሩ በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ማህተሙ ላይ የሚነበበው «ጎ» የምትል ፊደልና የቀኑ መስመር ብቻ ነው፤ ዓመቱ አይታይም። ሻጩ «የጎሬ ነው፣ የ1936 እ.ኤ.አ.» ብሎ ሸጠለት። ታሪኩ ያማልላል። አዲስ አበባ በዚያ ዓመት ሚያዝያ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ፣ የቀረው መንግሥት ለወራት የተቀመጠው ጎሬ ነበር። ግን ጎንደርም በ«ጎ» ይጀምራል፤ ጎባም እንዲሁ።

ይህን ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም። በክብ ማህተም ላይ የከተማው ስም ብዙውን ጊዜ ከላይ መሃል ላይ ተመጣጥኖ ይጻፋል። ቀኑ የተጻፈበትን መስመር አግድም አድርጋችሁ ያዙት። ከክቡ መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ። ስሙ ከዚህ መስመር ግራና ቀኝ እኩል ይከፈላል። «ጎሬ» ሁለት ፊደል ስለሆነ «ጎ» መስመሩን ተጠግታ ትቆማለች። «ጎንደር» አራት ነው፤ ስለዚህ «ጎ» ወደ ግራ ትርቃለች። የጓደኛዬ «ጎ» ራቅ ብላ ነው ያለችው። ጎሬ ናት ማለት ይከብዳል።

«ደ» ብቻ ሲታይም እንዲሁ ነው። ደሴ አጭር ነው፤ ደብረ ማርቆስና ደብረ ብርሃን የክቡን ላይኛ ክፍል ይሞላሉ። መጨረሻው ላይ «ር» ብቻ ካለ ሐረርም ጎንደርም ሊሆን ይችላል። የቀኑም መስመር ከጠፋ ግን ማንም ቢሆን ከተማውን በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። «እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ሻጭ ካለ እየገመተ ነው።

ማህተሙ ላይ ያለው የላቲን ፊደልም ይረዳል። ድሬዳዋ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ሲሆን «ዳዋ» ውስጥ የ«ኦ» ፊደል ይገባል (Daoua)፤ ጣሊያኖቹ በወረራው ዘመን የጻፉት ያለ እሱ ነው (Daua)። ስለዚህ ሦስት አራት ፊደል ብቻ ቢተርፍም ዘመኑን ሊጠቁም ይችላል።

ዓመቱንም አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን በ1894 እ.ኤ.አ. ስለወጡ ሻጮች የ1890ዎቹን ማህተም ይወዳሉ። ድሬዳዋ ግን የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ነው። «የድሬዳዋ 1897» ካሏችሁ ጨዋታው እዚያ ላይ አልቋል። ማህተሙ ላይ ያለው ቀን ቴምብሩ ከወጣበት የሚቀድም ከሆነም ያው ነው።

ጓደኛዬ ገንዘቡን ሲጠይቅ ሻጩ «ቴምብሩ ኦሪጅናል ነው» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ብሎክ አደረገው። ቴምብሩ ኦሪጅናል መሆኑን ማንም አልካደም። ዋጋ የተከፈለው ግን ለጎሬ ማህተም ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም በጀማሪ ሰብሳቢዎች ፍቅር መነገድ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የፊቱንና የጀርባውን ጥርት ያለ ፎቶ ጠይቁ። ከተማውን በምን እንደለየው በጽሑፍ ያስረዳችሁ። ከተማው ካልሆነ ገንዘቡን እንደሚመልስም በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ፤ ንግግሩን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ። እምቢ ካለ ለተራ ቴምብር የሚከፈለውን ብቻ ስጡት፣ ወይም ተዉት።