ሹራብ፣ ኪሮሽ ወይስ ስፌት? ጎንደር ላይ የእጅ ሥራ ልብስ ለሚገዛ ሰው

አክስቴ ደባርቅ ይኖራሉ። ደባርቅ ከጎንደር የሚርቀው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርዱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ጋቢ አላቸው፤ ነገር ግን ጋቢ የለበሰ ሰው አንድ እጁ ሁልጊዜ ጋቢውን እንደያዘ ነው፤ ማለዳ በረት ለሚከፍትና እሳት ለሚያነድ አይመችም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ እጅጌ ያለው ሙቅ ልብስ ልገዛላቸው ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ዞርኩ። በመጨረሻ ሦስት ልብሶች ፊቴ ተዘረጉ፤ በሁለት መርፌ የተሠራ ሹራብ፣ በኪሮሽ የተሠራ እጅጌ ያለው የትከሻ ልብስ፣ ከሸማ ተቆርጦ የተሰፋ ገበር ያለው ካፖርት። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ሦስቱም የእጅ ሥራ ናቸው ተባልኩ። የቱ እንደሚሻል ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ሁሉም ጥሩ ነው» የሚል ነበር።

ሁሉም ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ሥራ ግን አይሆንም። ሦስቱ ሙያዎች ክርን የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ነው። በሹራብ ሥራ አንድ ሙሉ ረድፍ ቀለበት መርፌው ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል፤ አዲሱ ቀለበት በታችኛው ውስጥ እየሾለከ ይወጣል። በኪሮሽ ግን በአንድ ጊዜ የሚያዘው አንድ ቀለበት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ እዚያው እየተቋጠረ ይዘጋል። ቃሉ ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ስፌት ደግሞ ድርና ማጉ ተጠላልፎ ያለቀለትን ጨርቅ ቆርጦ መገጣጠም ነው። ገዢው ይህን ካወቀ የቀረውን ልብሱ ራሱ ይነግረዋል።

ሹራብ ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ይመለሳል። አካልን ተከትሎ ስለሚተኛና በቀለበቶቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ከሦስቱ ለብርድ የምመርጠው እሱን ነው። ድክመቱም ከዚያው ከቀለበቱ ይመጣል፤ ምስማር ይዞት አንድ ክር ከተበጠሰ መሰላል እየሠራ ወደ ታች ይወርዳል። ሲገዙ የእጅጌውን ጫፍ በሁለት እጅ ሳብ አድርገው ይልቀቁት። ወዲያው ካልተሰበሰበ ልል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሁለት ወር ሳይለበስ እጅጌው ከመዳፍ በታች ይንጠለጠላል።

ኪሮሽ የተሰጠውን ቅርጽ አይለቅም። ስለዚህ ለኮፍያ፣ ለቦርሳ፣ ለአንገት ጌጥና ለጠረጴዛ ዳንቴል የሚወዳደረው የለም። አንድ ቦታ ቢበጠስ እንደ ሹራብ አይተረተርም። ግን ለተመሳሳይ ስፋት ከሹራብ በግምት ሲሶ ያህል የበለጠ ክር ይበላል፤ ይከብዳል፤ ቀዳዳው ሰፋ ካለ ደግሞ ነፋስ ያስገባል። ያ የትከሻ ልብስ እጅግ ያማረ ነበር፤ ለማለዳ ብርድ ግን አልነበረም።

ስለ ኪሮሽ ብዙ ገዢ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እውነተኛ ኪሮሽ ለገበያ የሚያመርት ማሽን የለም። መልኩን የሚያስመስሉ የፋብሪካ ጨርቆች አሉ፤ ቋጠሮው ግን የእጅ ብቻ ነው። ስለዚህ እጅዎ የገባው እውነተኛ ኪሮሽ ከሆነ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቋጠሮ በቋጠሮ ሠርቶታል ማለት ነው። ሹራብ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በማሽን የተሠራው በእጅ ከተሠራው ጎን ተሰቅሎ በአንድ ስም ይሸጣል። ለመለየት ልብሱን ይገልብጡት። ጎንና ጎኑ ተቆርጦ ጠርዙ በኦቨርሎክ፣ ማለትም በጠርዝ መጠቅለያ የስፌት መኪና፣ ከተጠቀለለ አብዛኛውን ጊዜ የማሽን ነው። በእጅ የተሠራው ቁራጭ ከመጀመሪያው በቅርጹ ስለሚያድግ ጠርዙ ሙሉ ነው፤ የክሩ ጫፎችም በመርፌ ወደ ውስጥ ተሸሽገው ይታያሉ። የማሽን መሆኑ ነውር የለውም፤ በእጅ ሥራ ዋጋ መሸጡ ግን ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች ሴትን ሥራ መቀማት ነው።

የተሰፋ ልብስ ትልቁ ጥቅሙ ዕድሜው ነው። ስፌት ሲጨመርበት ይጠብባል፣ ስፌቱ ሲፈታ ይሰፋል፣ ሲቀደድ ይጣፋል፤ ይህንን ሲንጀር ያለው ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይሠራዋል። ለዚህ ግን ውስጡ በስፌቱ ዳር በቂ ትርፍ ጨርቅ መተው አለበት፤ ከአንድ ጣት ስፋት ካነሰ፣ በኋላ ላስፋው ቢሉ የሚፈታ ነገር የለም። ሸማ ከሆነ ጨርቁ ስለሚዘረዘር ጠርዙ የግድ መጠቅለል ወይም ታጥፎ መሰፋት አለበት። ጥለቱ በግራና በቀኝ ትከሻ እኩል ከፍታ ላይ መግጠሙንም ይመልከቱ፤ ልብስ ሰፊው ጨርቁን ለመቆጠብ ከተጣደፈ መጀመሪያ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሸማው ከመቆረጡ በፊት ታጥቧል ወይ? የጥጥ ሽመና በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ ገዝተው በልክዎ ከሆነ ከእጥበት በኋላ በልክዎ አይሆንም።

ጥጡን ካነሳን ማጉን መንካት አይርሱ። በአብዛኛው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ከሆነ ጨርቁ ለስለስ ይላል፣ ወጣ ገባ ይላል፣ ይሞቃል። ሁለቱም የፋብሪካ ከሆነ ጨርቁ ለጥ ያለና ቀዝቃዛ ነው። ዋጋውም እንደዚያው መለየት አለበት።

አሁን ወደ ክር እንምጣ፤ እኔ ከሙያው ይልቅ እዚህ ላይ ነው የምጠነቀቀው። ገበያ ላይ ወፍራም ክር ሁሉ «ሱፍ» ይባላል። አብዛኛው ግን አክሪሊክ ነው፤ ማለትም ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር። ቀላል ነው፣ ቀለሙ አይለቅም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ለተማሪ ኮፍያና ሻርፕ ጥሩ ነው። እሳት ዳር ግን አደገኛ ነው፤ ሲነካው ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቀኑን ሙሉ ከምድጃና ከከሰል ለማይርቁ እናት አክሪሊክ ሹራብ አልገዛም። ለማረጋገጥ ከሻጯ አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ክር ይጠይቁና ደጅ ወጥተው በክብሪት ያቃጥሏት። ቀልጣ እንደ ጠጠር ጥቁር ድቡልቡል ከሆነች አክሪሊክ ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ናት። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተችና አመዷ በጣት ከደቀቀ የበግ ሱፍ ናት። እንደ ወረቀት ነዳ ለስላሳ አመድ ከተወች ጥጥ ናት።

የበግ ሱፍ እርጥበት እየጠጣም ያሞቃል፤ በሙቅ ውሃ ከታሸ ግን ተኮማትሮ እንደ ምንጣፍ ይጠነክራል። ጥጥ ደግሞ ሲርስ ይከብዳል፤ ይህን የተማርኩት በገዛ ልብሴ ነው። ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን በጥጥ ክር በኪሮሽ የተሠራ ልብስ አጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልኩት፤ ሲደርቅ ከወገቤ ወርዶ አንድ ስንዝር ረዝሟል። በክር የተሠራ ልብስ፣ ሹራብም ይሁን ኪሮሽ፣ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚደርቀው። ይህን ሻጩ አልነገረኝም፤ ሻጭ ሁሉ ሊናገረው ይገባ ነበር።

ለአራስ ልጅ ስጦታ ከሆነ ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ሹራብ ይምረጡ። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ኪሮሽ የሕፃን ጣት ይይዛል፤ ቁልፍና ዶቃ ደግሞ ተነቅሎ አፍ ይገባል። ለጥምቀት ግን ምርጫው ስፌት ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወርዱበት ቀን ነጭ ሸማ ለብሶ መቆምን የሚተካ የለም፤ ልብስ ሰፊዎቹ በታኅሣሥ ስለሚጨናነቁ በኅዳር ማዘዝ ይሻላል። ለምረቃ ወይም ለውጭ አገር እንግዳ ቦርሳና ዳንቴል ይበቃል።

በዋጋ ስትከራከሩ ክሩን ብቻ አትቁጠሩ። አንድ የአዋቂ ሹራብ የሳምንታት ማታ ሥራ ነው።

እኔ ከሦስቱ አንዱንም አልገዛሁም። ተሰቅሎ የነበረው ሹራብ በክብሪት ሲፈተን ቀለጠ። ሠሪዋን ግን ወደድኳት፤ እጇ ጥብቅና እኩል ነው። በበግ ሱፍ ክር አዲስ አዘዝኳት፤ አክስቴ ትከሻቸውን ስለሚያማቸው በራስ የሚጠለቅ ሳይሆን ፊቱ የሚከፈት፣ ሲያጎነብሱ ወገባቸው እንዳይጋለጥ ጀርባው ረዘም ያለ። ዋጋው ከተሰቀለው በለጠ፤ አንድ ወርም ጠበቅሁ። ስረከብ የተረፈውን ክር ጠየቅኋት፤ ሎሚ በምታህል ድቡልቡል ጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ከተተችልኝ። የእጅ ሥራ ሹራብ ስትገዙ የተረፈውን ክር ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ፤ ክርኑ ሲሳሳ ያንን ቀለም ከዚያው የማቅለሚያ ዙር ዳግመኛ አታገኙትም።