የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ በጅማ፦ የቱ ገንዘብዎን ይመልሳል?

ጅማ ውስጥ «ጨጓራዬን አቃጠለኝ» ብሎ ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ደም ሰጥቶ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ኤች ፓይሎሪ የጨጓራው ባክቴሪያ ስም ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ምርመራዎች (ደም፣ ሰገራ፣ ትንፋሽና ኢንዶስኮፒ) ደካማው ይኸው የደም ካሴት ነው፤ ካሴት የሚባለው ናሙና ሲንጠባጠብበት ውጤቱን በመስመር የሚያሳይ ትንሽ ፕላስቲክ ነው። የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን መከላከያ፣ አንቲቦዲውን ነው፤ አንቲቦዲ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። አምና ታክሞ የዳነ ሰው ዘንድሮም መስመር ሊያወጣ ይችላል። መድኃኒት ጨርሰው «ለቆኝ ይሆን?» ለሚሉ ሰዎች ጨርሶ አይሆንም። አንድ በጎ ጎን አለው፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል አያዛባውም።

የእኛ ምርጫ የሰገራ አንቲጂን ነው፤ ይህ ሰገራ ውስጥ የባክቴሪያውን የራሱን ቁራጭ (አንቲጂን) የሚፈልግ ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ትእዛዙ ላይ «የሰገራ ምርመራ» ብቻ ከተጻፈ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው አሜባ፣ ጃርዲያና የትል እንቁላል ነው፤ ኤች ፓይሎሪ በዚያ መንገድ አይታይም። «ሰገራ ተመርምሬ ነጻ ነኝ» ማለት ስለ ጨጓራው ባክቴሪያ ምንም አይናገርም። ወረቀቱ ላይ «የኤች ፓይሎሪ አንቲጂን» መባሉን ላብራቶሪ ከመግባትዎ በፊት ይዩ።

ናሙናው ሽንት ያልነካው፣ በንጹሕና ደረቅ ዕቃ የተያዘ ይሁን። ባለሙያው የኪቱን ዘንግ ሰገራው ውስጥ በተለያየ ቦታ ይወጋል፣ በፈሳሹ ጠርሙስ ውስጥ በደንብ ይበጠብጣል፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ካሴቱ ላይ ያንጠባጥባል። በአብዛኞቹ ኪቶች ውጤቱ የሚነበበው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ነው። ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከሰዓት በኋላ ቢነበብ የሚታየው ቀጭን መስመር አይታመንም፤ በሰዓቱ የወጣ ቀጭን መስመር ግን ፖዘቲቭ ነው። ተቅማጥ ላይ ያለ ሰው ሰገራው ስለሚቀጥን አንቲጂኑም ይሳሳል፣ ስለዚህ ኔጌቲቭ ቢወጣ ብዙ አያስተማምንም። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ናሙና ይዞ የሚመጣ ሰው በሙቀት ውስጥ ከሚያሳድረው ጅማ ደርሶ ቢሰጥ ይሻለዋል።

ምርመራውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ግን ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ የሚገዛው ኦሜፕራዞል ነው። ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ያሳንሰዋል፣ ከጨጓራው ታችኛ ክፍል ወደ ላይ ይገፋዋል። ውጤቱ ውሸት ኔጌቲቭ ይሆናል። ኦሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞልና መሰሎቻቸው ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክና ቢስመዝ የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ 4 ሳምንት በፊት መቆም አለባቸው። በመሃል ቃር ቢነሣ ተራው የሚታኘክ አንታሲድ ይበቃል። ከዚህ በፊት ቁስል የደማበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ።

የትንፋሽ ምርመራው ትክክለኛነቱ ከሰገራው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በባዶ ሆድ አንዴ ይነፋሉ፣ ዩሪያ ያለበትን መጠጥ ወይም ካፕሱል ይወስዳሉ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይነፋሉ። ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ሰባብሮ ምልክት የተደረገበትን ካርቦን በትንፋሽ ያስወጣል። ካርቦን 14 ከሆነ ጨረሩ እጅግ ትንሽ ቢሆንም ነፍሰ ጡር አትወስደውም፤ ካርቦን 13 ጨረር የለውም። ችግሩ መሣሪያው እንደ ሰገራ ካሴት በየሰፈሩ አለመገኘቱ ነው። ለዚህ ብቻ ብሎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፣ ሰገራው ይበቃል።

ኢንዶስኮፒስ? ባክቴሪያ ለመፈለግ ብቻ ከሆነ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ማስገባት ትርፍ ድካም ነው። ሌላ ጥያቄ ሲኖር ግን የሚተካው የለም፦ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ አልዋጥ ማለት፣ የደም ማነስ፣ ወይም በዕድሜ ገፍቶ አዲስ የጀመረ ሕመም። እነዚህ ላሉበት ሰው ካሴት ላይ ጊዜ ማጥፋት አይገባም። ከ6 እስከ 8 ሰዓት መጾም ግድ ነው፤ የጠዋት ቡናም ጾም ይፈታል፣ ለጅማ ሰው ቢከብድም። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስድ ቀድሞ ይናገር። ማደንዘዣ ጉሮሮ ላይ ስለሚረጭ መደንዘዙ ሳይለቅ ውኃ እንኳ አይጠጣም፤ የሚያስተኛ መርፌ ከተሰጠ ደግሞ ቤት የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ሐኪሙን «ናሙና ከጨጓራው ታችም ላይም ይወሰዳል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ባክቴሪያው እንደ ሻጋታ እዚህም እዚያም ስለሚያድግ ከአንድ ቦታ ብቻ ከተቆረጠ ሊያመልጥ ይችላል። በተቆረጠው ናሙና ላይ የሚሠራው ፈጣኑ የዩሪያ ምርመራ ባክቴሪያው ካለ ከቢጫ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ቁስሉ እየደማ ከሆነ ግን ሳይለወጥ ሊቀር ስለሚችል ሌላ ምርመራ ይጨመርበታል። ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ የገባው ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ወደ ፓቶሎጂ ሄዶ ቀናት ይወስዳል፣ ስለዚህ ቀጠሮ ሳይዙ አይውጡ።

መድኃኒቱ ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት ቆሞ፣ የሰገራ አንቲጂኑ ይደገማል። ሕመሙ ቢተውም ይደገም፤ ሕመም ሳይኖር ባክቴሪያው ሊኖር ይችላልና።