ጋያ ወይስ ዋይዝ?

ጥቅምት ላይ ጣርማበር ጋቢ ደርቦ ሰማይ ማየት ነው! ግን ከዚያ ሁሉ ኮከብ አንድም ቀይ ድንክ፣ ማለትም ትንሽና ደብዛዛ ኮከብ፣ በዓይን አይታይም። የፀሐይ የቅርብ ጎረቤት ፕሮክሲማ እንኳ አይታይም።

ታዲያ በምን ይፈለጉ? እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቀው የጠፈር ቴሌስኮፕ ጋያ፣ እስከ 2025 ብርሃናቸውን ተከትሎ ቦታቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ይለካ ነበር። ርቀት በመለካት የሚደርስበት ጥቂት ነው። በ2009 የመጠቀው ሌላው የጠፈር ቴሌስኮፕ ዋይዝ ደግሞ እስከ 2024 ኢንፍራሬድ፣ ማለትም የሙቀት ጨረር ያይ ነበር። አመድ የለበሰ ፍም አስቡ። ዓይን ቢያጣውም እጅ ሙቀቱን ያገኘዋል። በ2014 ይፋ የሆነው፣ በዚሁ ቴሌስኮፕ ስም የተጠራው ዋይዝ 0855 ቡናማ ድንክ ነው፤ ማለትም ኮከብ ለመሆን መጠኑ ያልበቃ አካል። ከእኛ 7 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ንጋት አስቡ። ጋያ ጭራሽ አላየውም።

ለቀይ ድንኮች ጋያን እመርጣለሁ። ለቡናማ ድንኮቹ፣ በተለይ ለቀዝቃዞቹ፣ ዋይዝን።