የማንጎ ማርማላታ በሚጥሚጣ፦ ፍሪጅ ወይስ ማሸግ?
ከሸዋ ሮቢት ማንጎ ሲመጣልኝ እዚህ ደብረ ብርሃን በስኳር፣ በአቼቶ፣ በዝንጅብልና በሚጥሚጣ እስኪወፍር አበስለዋለሁ፣ ማንኪያው የድስቱን ቂጥ ሲጠርግ መንገድ ትቶ ካለፈ በቃ ደርሷል። ፍሪጅ ቀላል ነው፣ ንጹህ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጦ መክተት፣ ግን ከወር ብዙም አያልፍም መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም። ማሸጉ ያደክማል! ጠርሙሱ ተከድኖ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል፣ ባህር ጠረፍ አካባቢ 10 ደቂቃ የሚበቃው እኛ ጋ 20 ይፈልጋል ምክንያቱም ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። አቼቶውን ደሞ እንዳትቀንሱ፣ አሲዱ ነው ከመበላሸት የሚጠብቀው። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ቋ ሲል ደስ ይላል፣ ዓመት ይቆያል። ለ2 ጠርሙስ ፍሪጅ ይበቃል፣ ለ10 ግን እኔ አሽጋለሁ።